ስፌትና ኩዊልት ለሚጀምሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የስፌት ስህተት አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ የሚታይበት ቦታና የሚጀምርበት ቦታ ይለያያሉ። ከጨርቁ ሥር የሚተበተበው ክር አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው። ማዕዘናቸው አልገጥም ያለ ቁራጮች በትክክል ተቆርጠው ሲሰፉ የተበላሹ ሊሆኑ ይችላሉ። የተሸበሸበ ገበርም መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ገና ወለል ላይ ሲነጠፍ ነው የተሸበሸበው። ጀማሪ ግን የሚከሰው ያየውን ነው፤ መኪናውን ይወቅሳል፣ ክሩን ይቀይራል፣ በመጨረሻም «ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። ከታች ያሉት አመለካከቶች ብዙዎቹ ከዚሁ የተሳሳተ ክስ የመነጩ ናቸው።

«ኩዊልት ማለት ድሪቶ ነው»

ድሪቶ የተቀደደን ለመድፈን እላዩ ላይ እየተደራረበ የሚጣፍ ነው። ኩዊልት ደግሞ ሦስት ንጣፍ ነው፦ ከላይ የሚታየው ፊት፣ መሃል ላይ የሚገባው ሙሌት፣ ከሥር ያለው ገበር። ኩዊልት የሚያሰኘው ሦስቱን አንድ ላይ ወግቶ የሚይዘው ስፌት ነው። ፊቱ ከአንድ ወጥ ጨርቅ ቢሆንም ሦስቱ ንጣፍ አብረው ከተሰፉ ኩዊልት ነው። በመቶ ቁራጭ ተቀጣጥሎ ያማረ ፊት ሙሌትና ገበር እስካልገባለት ድረስ ግን ገና የተቀጣጠለ ጨርቅ ብቻ ነው።

ከዚሁ አመለካከት «ያገኘሁትን ጨርቅ ሁሉ መቀጣጠል እችላለሁ» የሚለው ይወለዳል። የሚለጠጥ የቲሸርት ጨርቅ ከማይለጠጥ ጥጥ ጎን ሲሰፋ አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል፣ መሃላቸው ይጨማደዳል። ለመጀመሪያ ሥራ ሁሉም ቁራጭ መካከለኛ ውፍረት ያለው የተሸመነ ጥጥ ይሁን። ጂንስ፣ ሳቲንና ሹራብ ይቆዩ።

«ከሥር ክር ከተተበተበ ችግሩ የቦቢኑ ነው»

ጀማሪን የሚያስለቅሰው ይህ ነውና ረጋ ብለን እንየው። የቤት ስፌት መኪና በሁለት ክር ይሰፋል። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን ይወጋል፤ ከሥር የሚሽከረከር መንጠቆ ክሩን ይይዝና በቦቢኑ (የታችኛው ክር በተጠቀለለበት ትንሽ መጠቅለያ) ዙሪያ ያሳልፈዋል፤ ከፊት ለፊት ከፍ ዝቅ የሚለው ክንድ ደግሞ የተረፈውን ክር ወደ ላይ መልሶ ይስበዋል። ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መሃል ላይ ይቆላለፋሉ። ክንዱ ክሩን ስቦ ለማጥበቅ የሚችለው ክሩ በሁለት የብረት ዲስኮች መካከል ተይዞ ውጥረት ካገኘ ብቻ ነው። ክሩ ከዲስኮቹ ውጪ ከዋለ ግን የተለቀቀው ክር ሁሉ ከሥር ይቀርና የወፍ ጎጆ ይሠራል። ቦቢኑ ምንም አላጠፋም።

ክሩ ከዲስኮቹ ውጪ የሚውለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ጨርቁን ከላይ ተጭኖ የሚይዘው የመኪናው እግር ወርዶ ሳለ ክር ስለሚገባ። እግሩ ሲወርድ ዲስኮቹ ይዘጋሉ፣ ሲነሣ ይከፈታሉ። ስለዚህ የተተበተበውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ የላይኛውን ክር ሙሉ በሙሉ አስወጡ፣ እግሩን አንሡ፣ በቀኝ በኩል ያለውን የእጅ ጎማ ወደ ራሳችሁ እያዞራችሁ መርፌውን ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ክሩን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አስገቡ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት እግሩን አውርዳችሁ ክሩን በጣት ሳብ አድርጉት። መያዝ አለበት። እንደ ልብ ከመጣ አልገባም ማለት ነውና እንደገና። ስፌቱን ስትጀምሩም የሁለቱን ክሮች ጫፍ ወደ ኋላ ይዛችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ስፌቶች አሳልፉ።

የእጅ ጎማው ሁልጊዜ ወደ ራስ ነው የሚዞረው። ወደ ኋላ ማዞር መንጠቆው ላይ ያለውን ክር ያደናግረዋል፤ አንዳንዱ ጎጆ የተሠራው በዚሁ ነው።

የውጥረት ቁጥሩን የምትነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ መኪና ከ0 እስከ 9 ያለው ሲሆን መነሻው 4 አካባቢ ነው። ትርፍ ጨርቅ ላይ ከላይ ቀይ፣ ከታች ሰማያዊ ክር አድርጋችሁ ስፉ። ቀዩ ከሥር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየ የላይኛው ላልቷልና ቁጥሩን ጨምሩ፤ ሰማያዊው ከላይ ብቅ ካለ በጣም ጠብቋልና ቀንሱ። በአንድ ጊዜ ግማሽ ቁጥር፣ ከዚያ ሰፍቶ ማየት።

እግረ መንገድ፦ የስፌት መኪና ብዙ ጊዜ «ሲንጀር» ስለሚባል የፈለሰፈውም ሲንጀር ይመስለናል። ይህ የሁለት ክር ቁልፍ ስፌት ግን ኤልያስ ሀው በ1846 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነው፤ ሲንጀር የራሱን መኪና ያስመዘገበው በ1851 ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«መርፌ ካልተሰበረ አይቀየርም»

መርፌ ከመሰበሩ ብዙ ቀድሞ ይደንዛል። በተግባር የሚሠራበት ልማድ ከ8 ሰዓት ያህል ስፌት በኋላ፣ ወይም ትልቅ ሥራ በተጀመረ ቁጥር መቀየር ነው። መርፌው ሲገባ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ መስማት፣ ስፌት መዝለል፣ ጨርቁ ላይ የተሳበ ክር ማየት፣ ሁሉም የዶለዶመ ወይም የጎበጠ መርፌ ምልክት ነው። ጫፉን በጥፍራችሁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ብታሳልፉት ከጫረ ጨርቁንም ይጭራል።

ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው። 80/12 የሚል መርፌ ውፍረቱ 0.8 ሚ.ሜ. ነው፤ 12 የዚያው መጠን ሌላ መጠሪያ ነው። ለስስ ጨርቅ 70/10፣ ለተለመደው ጥጥ 80/12፣ ሦስቱን ንጣፍ አብሮ ለመስፋትና ለጂንስ 90/14 ይሆናል። ለሚለጠጥ ጨርቅ ጫፉ ዙር ያለ መርፌ አለ፤ ክሩን ሳይበጥስ በመሃሉ ሾልኮ ያልፋል። በእጅ መርፌ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፣ ያጥራል። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳትና ለእጅ ሥራ ቁጥር 10 ሲገዛ ወፍራም የሚያገኝ ይመስለዋል።

ሲገጠም በአብዛኛው የቤት መኪና መርፌ አንገት ላይ ያለው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ኋላ ይዞር፣ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይገፋ፣ ከዚያ ብሎኑ ይጥበቅ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ የታሰረ መርፌ ከመንጠቆው ጋር ስለሚሳሳት ስፌት ይዘላል።

«ጨርቁን ከኋላ መሳብ ስፌቱን ያቀናል»

ከእግሩ ሥር ያሉት ጥርሶች ጨርቁን የሚስቡት እንደ ስፌቱ ርዝመት ተለክተው ነው። በእጅ ሲሳብ ስፌቱ ይዛባል፣ መርፌው ይጎብጣል፣ የጎበጠ መርፌ ደግሞ ከሥሩ ያለውን የብረት ሳህን መትቶ ይሰበራል። የእጅ ሥራ መምራት ብቻ ነው። ዓይናችሁም መርፌው ላይ አይሁን፤ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ዓይንን ያሳስታል። ከመርፌው 0.75 ሴ.ሜ. ርቆ ሳህኑ ላይ የወረቀት ፕላስተር ደራርባችሁ ለጥፉ፤ የጨርቁ ዳር ያንን ግድግዳ ተደግፎ ይሂድ፣ እናንተም ግድግዳውን እዩ።

ስፒል ላይ መስፋትም ከዚሁ ወገን ነው። «ቀጭን ስለሆነ መርፌው ያልፈዋል» ይባላል፤ ዘጠኝ ጊዜ ሊያልፈው ይችላል፣ በአሥረኛው የተሰበረ መርፌ ወደ ፊት ይፈናጠራል። እግሩ ስፒሉ ጋር ሳይደርስ አውጡት።

«አንድ ሚሊ ሜትር ለውጥ አያመጣም»

ቀሚስ ላይ ላያመጣ ይችላል። ቁራጭ በቁራጭ የሚቀጣጠል ሥራ ላይ ግን ስህተት ይደመራል። በሴንቲ ሜትር የሚሠራ ኩዊልት ብዙ ጊዜ 0.75 ሴ.ሜ. የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ዳር ያለው) ይተውለታል። ትርፉ ከልኩ በ1 ሚ.ሜ. ቢበልጥ እያንዳንዱ ስፌት ከግራም ከቀኝም ቁራጭ አንድ አንድ፣ በድምሩ 2 ሚ.ሜ. ይበላል። ስምንት ቁራጭ ያለው ረድፍ ሰባት ስፌት አለው፤ ረድፉ 14 ሚ.ሜ. አጠረ ማለት ነው። አንዱ ረድፍ በጥንቃቄ፣ ሌላው በጥድፊያ ከተሰፋ ሁለቱ መቼም አይገጥሙም፤ ሰፊው ግን የቆረጠበትን ማስመሪያ ነው የሚጠረጥረው።

መፈተኛው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። 6.5 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸው ሦስት ጥብጣቦች ቁረጡ፣ ጎን ለጎን ስፉ፣ ተኩሱና የመሃለኛውን ስፋት ለኩ። ልክ 5 ሴ.ሜ. መሆን አለበት። 4.8 ከሆነ የእያንዳንዱ ስፌታችሁ ትርፍ ከልኩ በ1 ሚ.ሜ. ይበልጣል፤ ፕላስተሩን ወደ መርፌው አስጠጉ። ስትለኩት ትክክል የሚመስል ስፌት እንኳ ሲታጠፍ የጨርቁና የክሩ ውፍረት ትንሽ ይበላበታል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከምልክቱ የፀጉር ያህል አጥብበው ነው የሚሰፉት።

በኢንች የተጻፈ ንድፍ ካገኛችሁ ደግሞ አትቀላቅሉ። የኩዊልት ሩብ ኢንች 6.35 ሚ.ሜ. ነው እንጂ 7.5 አይደለም። አንድን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንዱ መለኪያ ብቻ ሥሩ። የልብስ ንድፍ ትርፍ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ 1.5 ሴ.ሜ. ይሆናል።

«ካውያ የመጨረሻ ሥራ ነው»

በስፌት ላይ ካውያ ከመኪናው እኩል ይሠራል። እያንዳንዱ ስፌት ሌላ ስፌት ሳያቋርጠው በፊት መተኮስ አለበት፤ ካለፈ በኋላ እጥፋቱ ታስሮ ይቀራል። መጀመሪያ እንደተሰፋ፣ ሳትከፍቱት፣ ካውያውን ጫን አድርጉበት፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ክፈቱና ትርፉን ወደ አንድ ጎን ተኩሱት።

ወደ የትኛው ጎን? የመጀመሪያውን ረድፍ ትርፍ ሁሉ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ፣ ሦስተኛውን እንደገና ወደ ቀኝ። ሁለት ረድፎች ፊት ለፊት ሲገጠሙ የአንዱ ወፍራም ጎን ከሌላው ስስ ጎን ጋር ይጋጠምና በጣት ሲዳሰስ ቆልፎ ይቆማል። ያን ቁልፍ ከተሰማችሁ ማዕዘኑ ገጥሟል፤ ሁለቱም ወፍራም ጎኖች አንድ ላይ ከወደቁ ግን መኪናው እንደ ጉብታ እየተደናቀፈ ያልፋል፣ ማዕዘኑም ይሸሻል።

ሸሚዝ እንደሚተኮስ አታሻሹት። ካውያውን አንሥታችሁ አስቀምጡ፣ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ማሻሸት በተለይ በሰያፍ የተቆረጠ ቁራጭን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ካሬ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

«ጨርቅ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆረጥ ያው ነው»

ድርና ማግን የሚያውቅ ይህን መሳት አልነበረበትም። ድሩ፣ ከጨርቁ ጥብቅ ዳር ጋር አብሮ የሚሄደው፣ አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ማጉ ትንሽ ይለጠጣል። በሁለቱ መካከል በ45 ዲግሪ ሰያፍ ስትስቡት ግን እንደ ላስቲክ ይዘረጋል። ጨርቁን በሁለት እጅ ይዛችሁ በሦስቱም አቅጣጫ ሳቡት፤ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ካሬዎቻችሁን በድርና በማግ አስተካክላችሁ ቁረጡ፣ ጥብቁን ዳር አስወግዱ፤ አሸማመኑ ስለሚለይ ሲታጠብ በሌላ መጠን ይሰበሰባል።

ሦስት ማዕዘን ሲፈለግ ደግሞ ሰያፍ ዳር ሳይነካ ማምለጫ አለ። ሲያልቅ 10 ሴ.ሜ. የሚሆን ካሬ ከሁለት ሦስት ማዕዘን እንዲሠራ ከፈለጋችሁ፣ ሁለት ቀለም 13 ሴ.ሜ. ካሬዎች ፊት ለፊት ግጠሙ፣ ከማዕዘን ማዕዘን መስመር አስምሩ፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ 0.75 ሴ.ሜ. ርቃችሁ ስፉ፣ ከዚያ በመስመሩ ላይ ቁረጡ። ሁለት ካሬ ይወጣል። ተኩሳችሁ እያንዳንዱን ወደ 11.5 ሴ.ሜ. አስተካክሉ።

«ጨርቅ ቀድሞ ካልታጠበ ሥራው ይበላሻል» / «ቀድሞ ማጠብ ጊዜ ማባከን ነው»

ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጥጥ በመጀመሪያ እጥበት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል። ዋናው ደንብ አለማቀላቀል ነው፤ ወይ ሁሉም ይታጠብ፣ ወይ አንዱም አይታጠብ። ለልብስ ግን ክርክር የለም፣ ይታጠባል፤ ከተሰፋ በኋላ የሚጠብ ሱሪ ለማንም አይሆንም። በትናንሹ ተቆርጦ የመጣ ጨርቅ አይታጠብ፤ ዳሩ ተተርትሮ ልኩ ይጠፋል። ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹበት፤ ነጩ ከቀላ ቀለሙ ገና እየለቀቀ ነው፣ ብቻውን ደጋግማችሁ እጠቡት።

«ከተጀመረ አይቀር የአልጋ ልብስ ይሁን»

ትልቅ ኩዊልት የሚከብደው በብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ንጣፍ ተጠቅልሎ በመኪናው ጠባብ አንገት (ከመርፌው በስተቀኝ ባለው ክፍተት) ውስጥ ማለፍ ስላለበትም ነው። 80 በ80 ሴ.ሜ. የሆነ ሥራ ሁሉንም ደረጃ ያስተምራል፣ አንገቱም ውስጥ ይገባል። ሒሳቡ ይኸው፦

በሁለት ቀለም፣ 8 በ8፣ 64 ካሬዎች። እያንዳንዱ ሲያልቅ 10 ሴ.ሜ. እንዲሆን 11.5 ሴ.ሜ. ይቆረጣል። ከ110 ሴ.ሜ. ስፋት ጨርቅ በአንድ ጥብጣብ 8 ካሬ (92 ሴ.ሜ.) ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም 32 ካሬ፣ ማለትም 4 ጥብጣብ፣ 46 ሴ.ሜ. ርዝመት ነው። መሰብሰቡንና ዳር ማስተካከሉን አስባችሁ 60 ሴ.ሜ. ያዙ። ተሰፍቶ ሲያልቅ ፊቱ ዙሪያው ላይ ከሚቀረው ትርፍ ጋር 81.5 ሴ.ሜ. ይመጣል። ገበርና ሙሌት በየጎኑ 8 ሴ.ሜ. ይትረፉ፤ 98 በ98። ለገበሩ 105 ሴ.ሜ. ርዝመት ይበቃል። ለዳር ጥብጣቡ 30 ሴ.ሜ. ጨምሩ።

የመሣሪያውም ነገር እንደዚሁ ይጋነናል። ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰፋ ማንኛውም ደኅና መኪና፣ ጨርቅ ብቻ የሚቆርጥ መቀስ (ወረቀት የነካ ቀን ስለቱ ይሞታል)፣ ማስመሪያ፣ ስፒል፣ መርፌ ቁልፍ፣ ካውያ ይበቃል። 45 ሚ.ሜ. ተሽከርካሪ ስለት ከነመቁረጫ ምንጣፉ ቢገኝ ሥራውን በእጅጉ ያፋጥናል፤ ከእጅ በተቀመጠ ቁጥር ስለቱ ይዘጋ።

«ንጣፎቹ በአራት ማዕዘን ከተያዙ ይበቃል»

አይበቃም። ገበር የሚታጠፈውና የሚሸበሸበው እዚህ ነው። ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠንካራ ወለል ላይ አንጥፉ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉ። ዘርጋ ይበል እንጂ እንደ ከበሮ አይወጠር፤ የተወጠረ ገበር ፕላስተሩ ሲነሣ ተመልሶ ይሰበሰብና ፊቱን ይጨማድደዋል። ሙሌቱን እላዩ ላይ አንጥፋችሁ ከመሃል ወደ ዳር በእጅ ዳብሱት፣ ከዚያ ፊቱን።

መርፌ ቁልፍ ከመሃል ተጀምሮ በየ10 ሴ.ሜ. ይወጋል። ከላይ ባለው ሥራ በእያንዳንዱ ካሬ መሃል አንድ፣ በድምሩ 64 ነው። ይህ አቀማመጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ የምትሰፉት በካሬዎቹ መገናኛ ላይ ስለሆነ አንድም መርፌ ቁልፍ መንገድ ላይ አይቆምም።

ስፌቱን 3 ሚ.ሜ. ርዝመት ላይ አድርጉ፣ የመሃለኛውን መስመር መጀመሪያ ስፉ፣ ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ። ከላይም ጨርቅ የሚስብ ጥርስ ያለው ልዩ እግር ካለ ግጠሙት፤ የተራው መኪና ጥርስ የታችኛውን ንጣፍ ብቻ ስለሚስብ የላይኛው እየተገፋ ይጠራቀማል። በመስመሮች መካከል የሚፈቀደው ርቀት በሙሌቱ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል። ከ10 ሴ.ሜ. በታች ከሆነ በካሬዎቹ ላይ ሰያፍ መስመር ጨምሩ፤ አለዚያ ሙሌቱ በእጥበት ተቆራርጦ ይጓጉላል።

«እያንዳንዱ ስፌት ጫፉ ወደ ኋላ ተመልሶ መታሰር አለበት»

ለልብስ፣ አዎ። በኋላ በሌላ ስፌት ለሚቋረጥ የካሬ ስፌት ግን አያስፈልግም፤ ያ ስፌት ያስረዋል፣ መመለሱ ማዕዘኑን ማወፈር ብቻ ነው። የስፌት ርዝመቱን 2 ሚ.ሜ. ካደረጋችሁት በራሱ ይይዛል።

«የዳር ጥብጣብ በሰያፍ ካልተቆረጠ አይሆንም»

ሰያፍ የሚያስፈልገው ዳሩ ዙር ወይም ሞገድ ከሆነ ነው። ለቀጥተኛ ዳር ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጥብጣብ ይሆናል፣ ጨርቅም ይቆጥባል። 6 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸው አራት ጥብጣቦች ጫፍ ለጫፍ በሰያፍ ስፌት ቀጥሉ (የስፌቱ ጉብታ አንድ ቦታ እንዳይከመር)፣ በርዝመቱ እጥፍ አድርጋችሁ ተኩሱ። የሚያስፈልገው ርዝመት የዙሪያው ልክ ሲደመር 30 ሴ.ሜ. ነው፤ እዚህ 356 ሴ.ሜ. ገደማ። ጥሬ ዳሩን ከኩዊልቱ ዳር ጋር አስተካክላችሁ በ0.75 ስፉ። ማዕዘን ላይ ስትደርሱ 0.75 ሴ.ሜ. ሲቀር ቁሙ፣ ጨርቁን አውጡ፣ ጥብጣቡን ወደ ላይ በ45 ዲግሪ እጠፉ፣ መልሳችሁ ወደ ታች በቀጣዩ ጎን ላይ አውርዱና ከዳር ጀምሩ። ከዚያ ጥብጣቡ ወደ ኋላ ይገለበጥና በእጅ ይለቀማል። የእጅ ክር ከ45 ሴ.ሜ. አይርዘም፤ አጭር ክር ቶሎ ያልቃል ብሎ ከመፍራት ይልቅ የረጅሙን መተብተብ ፍሩ።

«ዘይት ሲበዛ መኪናው ይቀልላል»

ከዘይት በፊት ብናኝ። ሳህኑን ፈትታችሁ በቦቢኑ ቤት ዙሪያ የተጠራቀመውን የጨርቅ ብናኝ በብሩሽ አውጡ፤ በአፍ መንፋት ብናኙን እርጥበት ጨምሮ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ዘይት መመሪያው በሚያሳየው ቦታ ጠብታ ብቻ፣ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ። የምግብ ዘይት ይደርቅና ይሙጫል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች በተጠቃሚው ዘይት እንዲደረግላቸው አልተሠሩም።

«ከታጠበ በኋላ ከተጨማደደ ተበላሽቷል»

ሙሌቱ ጥጥ ከሆነና ቀድሞ ካልታጠበ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሰበሰባል፤ በስፌት መስመሮቹ መካከል ያለው ፊት ትንሽ ትንሽ ይኮማተራል። ብዙ ሰዎች ይህን መልክ ፈልገው ነው ጥጥ የሚመርጡት፤ ለጥ ያለ ፊት የሚወድ ፖሊስተር ሙሌት ይያዝ። የመጀመሪያው እጥበት በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሲሰጣም በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይሆን ተዘርግቶ ይሁን፤ ውኃ የጠጣ ሙሌት ክብደቱ ስፌቱን ይስበዋል።